መስማትና መቻል

በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ፣ ስሚዝፊልድ የተባለው ኩባንያ ትልቅ የአሳማ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ አለው። በ2020 የጸደይ ወራት ይህ ፋብሪካ በመላ አገሪቱ ኮቪድ ክፉኛ ከተዛመተባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከማርች 16 እስከ ኤፕሪል 25 ብቻ 929 ሠራተኞች፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ ያህል፣ በበሽታው መያዛቸው በምርመራ ተረጋገጠ፤ ሁለቱ ሞቱ። ሲዲሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የላካቸው ባለሙያዎች ፋብሪካውን ዞረው ሲያዩ፣ በሠራተኞቹ መካከል 40 ገደማ ቋንቋዎች እንደሚነገሩ መዘገቡ። ብዙ ተናጋሪ አላቸው ተብለው ከተዘረዘሩት አሥር ቋንቋዎች ውስጥ ኩናምኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይገኛሉ። ባለሙያዎቹ ከሰጧቸው ምክሮች አንዱ የጥንቃቄ ማስታወቂያዎች በልዩ ልዩ ቋንቋዎችና በሥዕል ጭምር እንዲለጠፉ የሚል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። የሚነካው ግን የችግሩን ከፊል ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ዓለም በሙሉ የሚሰማው መልእክት አንድ ዓይነት ነበር፦ ርቀታችሁን ጠብቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ካመማችሁ ከቤት አትውጡ። በሥጋ መቁረጫው መስመር ግን ሠራተኞች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚወስነው የመስመሩ አሠራር እንጂ የሠራተኛው ምርጫ አይደለም። በዚያ ላይ ኩባንያው በኤፕሪል ወር ከሥራ ሳይቀሩ ፈረቃቸውን ለሚጨርሱ ሠራተኞች 500 ዶላር «የኃላፊነት ቦነስ» እንደሚከፍል አስታወቀ። ቆይቶ በኮቪድ ምክንያት የቀሩትም ገንዘቡን እንደሚያገኙ ገልጿል፤ ሆኖም በሠራተኛው ጆሮ አስቀድሞ የገባው የመጀመሪያው ቃል ነበር። እስቲ «ካመማችሁ ከቤት አትውጡ» የሚለው ወረቀት እንከን በሌለው አማርኛ ተተርጉሞ በመመገቢያው ክፍል ተለጥፏል እንበል። መጠነኛ ትኩሳት የተሰማት፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቿም ገንዘብ የምትልክ ሴት ታነበዋለች። ከወረቀቱ ውስጥ ያልገባት አንድም ቃል የለም። የቸገራት ማድረጉ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ቅሪ ይላታል፤ የደመወዙ ሥርዓት ደግሞ ነዪ ይላታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማወቅ የሥነ ልቦና ጥናት አያስፈልግም።

የምከራከረው ለዚህ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የጤና አገልግሎት በቅጡ ላልደረሳቸው አናሳ ማኅበረሰቦች የሚነገር መልእክት የሚመዘነው በሁለት ጥያቄ ነው። ሰሚው ሰምቶ ሲያበቃ የተባለውን ማድረግ ይችላል ወይ? ግራ ሲገባው ወይም ሲጎዳስ ተመልሶ የሚጠይቀው፣ መልስ የሚያገኝበት ሰው አለው ወይ? የሁለቱም መልስ «የለም» ከሆነ፣ መልእክቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሰሚውን መውቀሻ ከመሆን አያልፍም። ይህን ስል ትርጉምን ማቃለሌ አይደለም። በማርች 2020 በስቶክሆልም በመጀመሪያ በኮቪድ ከሞቱት 15 ሰዎች ቢያንስ ስድስቱ የሶማሊያ ተወላጆች መሆናቸውን የስዊድን ሶማሌ ሐኪሞች ማኅበር ይፋ ሲያደርግ፣ በቋንቋቸው የተዘጋጀ መረጃ ዘግይቶ መድረሱ በአገሪቱ ትልቅ ወቀሳ አስነሥቷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሪንከቢና ቴንስታ በመሳሰሉት የስቶክሆልም ሰፈሮች ብዙዎቹ ሶማሌዎች የሚኖሩት አያት፣ ወላጅና ልጅ በአንድ ጠባብ አፓርታማ ተሰብስበው ነው፤ ብዙዎቹ ታክሲና አውቶቡስ ይነዳሉ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ይሠራሉ። የተተረጎመው ወረቀት ሲደርስም ሥራው ያው ሥራ፣ ክፍሉም ያው ክፍል ነበር። ቋንቋ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ወዲያ ምን አለ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የጤና ባለሥልጣናት ግን ችግሩን የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ ከሰሚው በኩል ነው። ሰዎች የተባሉትን ሳያደርጉ ሲቀሩ አልገባቸውም፣ አያምኑም፣ ያመነታሉ ይባላል። በአሜሪካ የኮቪድ ክትባት መሰጠት ሲጀምር ይህ አባባል በተለይ በጥቁሮች ላይ በረታ። ማስረጃ የሌለውም አልነበረም። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ጥናት ድርጅት በዲሴምበር 2020 ባወጣው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ፣ 35 በመቶ የሚሆኑ ጥቁር አዋቂዎች ክትባቱን በእርግጠኝነት ወይም ምናልባት እንደማይወስዱ ተናግረው ነበር። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያም ዝግጁ ነበር፤ በአላባማ ግዛት በቱስኪጊ የተፈጸመው በደል።

ታሪኩ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ ለ40 ዓመታት፣ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ያህል ድሃ ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ቆየ፤ ከነዚህ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። በሽታቸው ምን እንደሆነ በግልጽ አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም እንዳያገኙት ተደረገ፤ የጥናቱ ዓላማ ያልታከመ ቂጥኝ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን እስከ መቃብር ተከትሎ ማየት ነበርና። ጉዳዩ በጋዜጣ የተጋለጠው በ1972 ሲሆን፣ በመንግሥት ስም ይቅርታ የተጠየቀው በ1997 በፕሬዚዳንት ክሊንተን አንደበት ነው። ማርሴላ አልሳንና ማሪያን ዋናሜከር የተባሉ ተመራማሪዎች የ1972ቱ መጋለጥ ያስከተለውን ለመለካት ባደረጉት ጥናት፣ ጥቁር ወንዶች ከሐኪም መራቃቸውን፣ 45 ዓመት የሞላቸውም ወንዶች ቀሪ ዕድሜ እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንዳጠረ ገምተዋል። አለማመን እንግዲህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ይቆርጣል። እዚህ ላይ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቀላል። ተረቱ ግን ሳያውቅ የሚሸሸውን ሰው ተሳሳች ያደርገዋል፤ እባቡ ቀርቷል፣ ያለው ልጥ ብቻ ነው ይላል። የሚጠራጠሩት ሰዎች ግን የሚያወሩት ስለ አያቶቻቸው ዘመን ብቻ አልነበረም። ባለፈው ወር ድንገተኛ ክፍል ሄደው ስለተመለሱበት ሁኔታ፣ ሕመማቸውን ሲናገሩ ስላላመናቸው ሐኪም፣ በሰፈራቸው ስላልተከፈተ ክሊኒክም ያወሩ ነበር።

አለማመኑ ከታሪክ ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ወራት ባልተቀየረ ነበር፤ ታሪክ አይቀየርምና። ነገር ግን ያው ኬኤፍኤፍ በሴፕቴምበር 2021 ሲጠይቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትበናል ያሉት ከነጮቹ 71 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 70 በመቶ፣ ከላቲኖቹ 73 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በዘጠኝ ወር ውስጥ ምን ተለወጠ? በከፊል ብዙ ሰው ተከትቦ ደህና መሆኑ ታየ። ከዚህ የማይተናነሰው ምክንያት ግን ክትባቱ ሰዎቹ ወዳሉበት መሄዱ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በጃንዋሪ 2021 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ቀጠሮ ሲከፈት፣ ሀብታም ነዋሪዎች የሚበዙበት ዋርድ 3 (ዋርድ የከተማው የአስተዳደር ክፍል ነው) ከሌሎቹ የበለጠ ቀጠሮ ሲወስድ፣ በኮቪድ ብዙ ሰው የሞተባቸውና አብዛኛው ነዋሪያቸው ጥቁር የሆነው ዋርድ 7 እና 8 ያገኙት እጅግ ጥቂት ነበር። ቀጠሮው የሚያዘው በዋነኛነት በኢንተርኔት ነበር፤ የሚያገኘውም ፈጣን መስመርና ሰዓቱን ጠብቆ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ያለው ነበር። ከተማው ብዙም ሳይቆይ ለተጎዱት ሰፈሮች ቀድሞ የሚከፈት ቀጠሮ መመደብ ጀመረ። በዚያ የመጀመሪያ ሳምንት የዋርድ 8ን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ያመነታሉ» ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። ቀጠሮ ፈልጎ ያጣና ክትባት ያልፈለገ ሰው በሰንጠረዡ ላይ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ።

ፊላደልፊያ ውስጥ የሆነው ነገሩን የበለጠ ያብራራዋል። በወረርሽኙ መጀመሪያ ምርመራ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሐኪም ማዘዣ ያስፈልግ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታም ምርመራው የሚደረገው በመኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነበር። የግል ሐኪም የሌለው፣ መኪናም የሌለው ሰው «ተመርመሩ» የሚለውን ጥሪ ሰምቶ ምን ያድርግ? የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዋ ዶክተር አላ ስታንፎርድ በኤፕሪል 2020 የጥቁር ሐኪሞችን ቡድን አሰባስበው፣ መመርመሪያውን ጭነው ወደ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ወጡ። ማዘዣ አይጠየቅም፤ መኪናም ሆነ ኢንሹራንስ የሌለው አይመለስም። ክትባቱ ሲመጣ ያው ቡድን በፌብሩዋሪ 2021 በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ከተበ፤ ሰዎች በክረምቱ ብርድ፣ በሌሊት ተሰልፈው ጠበቁ። ይህ ሕዝብ ክትባት ይጠላል የተባለለት ሕዝብ ነው። ቡድኑ አዲስ መፈክር አልፈጠረም። የተናገረው ሌሎቹ የተናገሩትን ነው፤ የተናገረው ግን ማድረጊያውን በእጁ ይዞ ነው። በተጨማሪም ክትባቱን የሰጠው ቡድን ከአሥር ወር በፊት ጀምሮ በከተማው ሰፈሮች ሲመረምር የታየ ነበር። እምነት ከተነገረው ቃል ይልቅ ከዚህ ተደጋጋሚ መገኘት የመጣ ይመስለኛል።

ይህን ምሳሌ የሰማ ሰው ቁም ነገሩ የቆዳ ቀለም ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ብዙ የጤና ቢሮዎችም እንደዚያ አስበው ጥቁር ሐኪም ያለበትን ፖስተር አባዝተዋል። በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ የተደረገ ሙከራ ግን የተሻለ መልስ ይሰጣል። አልሳንና ባልደረቦቿ ከፀጉር ቤቶችና ከገበያ ቦታዎች 1,300 ያህል ጥቁር ወንዶችን መዝግበው ለምርመራ ጋበዙ፤ ወደ ክሊኒኩ የመጡት 637 ናቸው። የመጣው ሁሉ በዕጣ ጥቁር ወይም ጥቁር ያልሆነ ሐኪም ይደርሰዋል። መጀመሪያ የሐኪሙን ፎቶግራፍ ብቻ አይተው የትኛውን ምርመራ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ የመጣው ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠው ከተነጋገሩ በኋላ ነው፤ ጥቁር ሐኪም የደረሳቸው በተለይ ደም መስጠትና መርፌ መወጋት የሚጠይቁትን ምርመራዎችና ክትባት በብዛት ተቀበሉ። ፎቶግራፉ ምንም ሳያደርግ ንግግሩ አደረገ። ይህ ለጤና ቢሮዎች የማይመች ውጤት ነው፤ ፎቶግራፍ ማባዛት ቀላል ነው፣ ተቀምጦ የሚጠየቅና የሚመልስ ሰው ማሰማራት ግን ሰው መቅጠርን፣ ማሰልጠንንና ጊዜ መስጠትን ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። የናቫሆ ሕዝብ ግዛት በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ የተዘረጋ፣ ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ደረቅ ምድር ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት የምግብ መደብሮቹ 13 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከሦስት ቤት አንዱ ያህል የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ቤተሰቡ ውኃውን ከሩቅ በበርሜል ያመጣል። በሜይ 2020 የናቫሆ ግዛት ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲታይ የተያዘው ሰው ቁጥር ከኒው ዮርክ ግዛት በለጠ። «እጃችሁን በሚፈስ ውኃ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ» የሚለው መልእክት እዚያ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የናቫሆ አስተዳደር መልእክቱን በናቫሆ ቋንቋ በሬዲዮ ማሰራጨቱ እውነት ነው፤ ቅዳሜና እሑድን የሚይዝ የ57 ሰዓት የእንቅስቃሴ እገዳም አውጇል። ከእገዳው ጋር ግን ውኃ፣ ምግብና ማገዶ ለአረጋውያን ቤት ለቤት ይደርስ ነበር። ከቤት አትውጡ የሚል ቃልና በር ላይ የሚቀመጥ የውኃ ጀሪካን አብረው ሲመጡ፣ የመጀመሪያው ሊፈጸም የሚችል ነገር ይሆናል።

ቀደምት ሕዝቦች መንግሥትን ለመጠርጠር ያላቸው ምክንያት ከማንም አያንስም። በ1976 የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ የቀደምት ሕዝቦች የጤና አገልግሎት በአራት አካባቢዎች ብቻ ከ1973 እስከ 1976 ባለው ጊዜ ውስጥ 3,406 ሴቶችን እንዳይወልዱ አድርጓል፤ የፈቃድ አወሳሰዱም ጉድለት የበዛበት ነበር። ታሪክ ብቻውን የሚወስን ቢሆን እነዚህ ሕዝቦች ክትባቱን ከሁሉ በፊት በሸሹት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በ2021 በሲዲሲ መረጃ ከየትኛውም ዘር ከፍተኛ የክትባት ሽፋን ካላቸው ውስጥ ተመደቡ። ምክንያቱን ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ነገዶቹ ክትባቱን ተረክበው ማን በቅድሚያ ይከተብ የሚለውን ራሳቸው ወሰኑ። በኦክላሆማ የቸሮኪ ሕዝብ አስተዳደር ከጤና ሠራተኞች ጋር ቅድሚያ ከሰጣቸው መካከል የቸሮኪን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች ይገኙበታል። የቀሩት ሁለት ሺህ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ አረጋውያን። ሁለተኛ፣ በጃንዋሪ 2021 መቀመጫው ሲያትል የሆነው የከተማ ቀደምት ሕዝቦች የጤና ተቋም ባወጣው መጠይቅ፣ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ለመከተብ ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ በብዛት የሰጡት ምክንያት ለማኅበረሰባቸው ያለባቸው ኃላፊነት ነው። ራስህን ጠብቅ የሚለው የተለመደ መልእክት እነዚህን ሰዎች ባላንቀሳቀሳቸው ነበር። ቋንቋውን የሚያውቁት አያት ከሞቱ ቋንቋው አብሮ እንደሚሞት የሚያውቅ ሕዝብ ግን ማን ቀድሞ ይከተብ ለሚለው የራሱ መልስ ነበረው፤ መልሱን ከዋሽንግተን የተላከ ባለሙያ ሊያዘጋጅለት አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። አንድን ማኅበረሰብ ለይቶ ማነጋገር በሽታውን በስሙ መለጠፍ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ሆኗልም። በ1993 በዚያው በናቫሆ ምድር ወጣቶችን በድንገት የሚገድል የሳንባ በሽታ ሲከሰት አንዳንድ ጋዜጦች «የናቫሆ ጉንፋን» አሉት፤ ናቫሆ የሆነ ሰው ሁሉ በየሆቴሉና በየመደብሩ ተሸሸ። የበሽታው መንስኤ አይጥ የሚያስተላልፈው ሀንታ ቫይረስ ነው፤ የናቫሆ አረጋውያንም ዝናብና የጥድ ፍሬ የበዛባቸው ዓመታት አይጥ እንደሚያበዙና ሞት እንደሚያስከትሉ ቀድመው ያውቁ ነበር። ለቫይረሱ የቦታ ስም ሲሰጠው የአካባቢው ሰው ስለተቃወመ በመጨረሻ «ሲን ኖምብሬ» ተባለ፤ በስፓኒሽ ስም የለሽ ማለት ነው። ወደ እኛው ወገን ስንመጣ በእስራኤል የሆነው ይበልጥ ያማል። በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ ቤተ እስራኤላውያን የሚለግሱት ደም በኤችአይቪ ፍራቻ በድብቅ እንደሚደፋ አጋለጠ። በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት 10,000 ያህል ሰው ወጥቶ ተቃወመ። ባለሥልጣናቱ ያቀረቡት ምክንያት በግልጽ አንቀበልም ብንል ማኅበረሰቡን ማሳፈር ይሆንብናል የሚል ነበር። ደሙን ከሰውየው ክንድ ቀድተው፣ አመስግነውት፣ ከበስተጀርባ ደፉት። ከማሳፈር ለመዳን ተብሎ የተደረገው ድብቅነት ራሱ ትልቁ ማሳፈር ሆነ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምረዳው ማኅበረሰቡን ለይቶ አለማነጋገር መፍትሔ አለመሆኑን ነው። ያጠፋው ሕዝብን አደጋ አድርጎ መናገሩ፣ አደጋውን ያመጣውን ሁኔታ መሰወሩ ነው። «ሶማሌዎች በብዛት ይያዛሉ» የሚል ዜና ጎረቤትን ያስፈራል እንጂ ማንንም አያድንም። «አውቶቡስ ሹፌሮች መስታወት መከለያ ስለሌላቸው ይያዛሉ» የሚለው ግን የሚጠገን ነገር ያሳያል፣ የሚጠይቀውም ሰውየውን ሳይሆን ባለ አውቶቡሱን ነው። ሕዝቡን ለይቶ የማነጋገሩ ሥራ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር በግልጽ መደረግ አለበት። ቤተ እስራኤላውያኑ ቀድመው ተጠርተው የደም ባንኩ ስጋት ምን እንደሆነ ተነግሯቸው፣ ከሽማግሌዎቻቸውና ከቄሶቻቸው ጋር ተመክሮበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሳያስቆጣ ያልፍ ነበር አልልም፤ ክህደት ግን አይሆንም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ከማኅበረሰቡ ውስጥ የሚነሣው ድምፅ ራሱ የሐሰት ወሬ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ይህንንም የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት አሳይታለች። በ2004 የሁለት ዓመት ሕፃናቶቻቸውን የኩፍኝ ክትባት በማስከተብ 92 በመቶ ገደማ ደርሰው የነበሩት የሶማሌ ቤተሰቦች በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረዱ፤ በ2017 በግዛቲቱ 75 ሰዎች ኩፍኝ ሲይዛቸው አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። መነሻው ልጆቻችን ከሌሎች ልጆች በላይ ኦቲዝም ይይዛቸዋል ወይ የሚለው የወላጆች ጥያቄ ነው። ቀጥተኛ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠበቁ። በ2013 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት በሚኒያፖሊስ ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት አሳየ፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም፣ የሶማሌ ልጆቹ ላይ ግን የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ በብዛት ይታያል። እስከዚያ ድረስ ግን ክትባት ተቃዋሚዎች፣ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ምርምሩ የተሻረበትን አንድሩ ዌክፊልድን ጨምሮ፣ ወደ ማኅበረሰቡ ስብሰባዎች መጥተው ነበር። የወላጆቹን ጥያቄ ጥያቄ ብለው ተቀበሉት፤ ከዚያ መንስኤው ክትባቱ ነው የሚል የሐሰት መልስ ሰጡበት። ያሸነፉት ከጤና ቢሮው የተሻለ መረጃ ስለነበራቸው አይደለም፤ የመጡት እነሱ ስለሆኑ ነው። ይህ ታሪክ በማኅበረሰብ አማካይነት መሥራትን አይቃወምም፤ ሥራው ሲዘገይ ቦታው ባዶ እንደማይቀር ይመሰክራል። ቆይቶ የግዛቲቱ የጤና ቢሮ ሶማልኛ የሚናገሩ ሠራተኞችና ኢማሞች ይዞ ሲሠራ ለጊዜው መሻሻል ታየ፤ የጠፋውን እምነት መመለስ ግን እንዳይጠፋ ከመጠበቅ ይልቅ እጅግ ከባድ ሆነ።

ጊዜ የለም የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚያሳምን ይመስላል። በሽታ በሳምንት እጥፍ ሲሆን ተቀምጦ መመካከር ቅንጦት ነው ይባላል። ጊኒ በ2014 በኢቦላ ወቅት በጥድፊያ ሠርታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ኢቦላ ገዳይ መሆኑንና መድኃኒት እንደሌለው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ሰዉም ሰማ፣ አመነ፣ መድኃኒት ወደሌለበት ማዕከል ለምን እሄዳለሁ ብሎ በሽተኛውን ደበቀ። የሞቱትን ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ይወስዷቸዋል፤ ቤተሰብ መቃብሩን እንኳ አያይም። በደቡብ ምሥራቅ በጫካው ክልል ያሉ ሕዝቦች በመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በሴኩ ቱሬ ዘመን መንግሥት ጭንብሎቻቸውንና ሥርዓታቸውን ሲያወድም አይተዋል፤ ከዋና ከተማው የሚመጣ ቡድን ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በሴፕቴምበር 2014 ዎሜ በምትባል መንደር ስለ ኢቦላ ለማስተማር የሄዱ ስምንት ሰዎች፣ ባለሥልጣናት፣ የጤና ሠራተኞችና ጋዜጠኞች፣ ተገደሉ። ይህን ግድያ የሚያጸድቅ ምንም ነገር የለም። በኖቬምበር 2014 የዓለም ጤና ድርጅት የቀብሩን መመሪያ ቀየረ፤ ቤተሰብ ከርቀት እንዲገኝ፣ ጸሎት እንዲደረግ፣ ሟቹ ከፈን እንዲለብስ፣ መቃብሩም ምልክት እንዲኖረው። ያ ለውጥ ከሃይማኖት አባቶችና ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ጋር ተመክሮ የወጣ ነው፤ ከወጣም በኋላ ሬሳ መደበቅ ቀነሰ። በጥድፊያው ያተረፉት ሳምንታት በተቃውሞ ከጠፉት ወራት አይበልጡም።

ጊዜ የለም የሚለው ግን አንድ እውነት ይዟል፤ በወረርሽኙ መካከል ይህን ሁሉ ከባዶ መገንባት አይቻልም። የተሳካላቸው ሁሉ ቀደም ብሎ የተሠራ ነገር ነበራቸው። በናቫሆ ውኃና ምግብ ያደረሱት የማኅበረሰብ የጤና ተወካዮች ፕሮግራም የተጀመረው በ1968 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማሰማራቱ ሥራ በ2003 ተጀምሮ ከ30,000 በላይ ሴቶች የተሰማሩበት ሆኗል፤ ኮቪድ ሲመጣ ቤት ለቤት የሄዱት እነሱ ናቸው፣ እናት ሲያዋልዱና ሕፃን ሲያስከትቡ ያወቃቸው ሰው በር ከፈተላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ጭምር እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ያወጣችው በ2004 ነው። በኮቪድ ጊዜ በአሜሪካ በየከተማው የተቀጠሩት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ግን ብዙዎቹ የተቀጠሩት በአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ አስቸኳይ ጊዜው በሜይ 2023 ሲያበቃ ውላቸው የሚያልቅባቸው ነበሩ። ለመተዋወቅ ሁለት ዓመት የፈጀበት ሰፈር የሚያውቀውን ሰው አጣ። ስለዚህ ክርክሩ በመጨረሻ የበጀት ክርክር ነው። እነዚህ ሰዎች በመደበኛ በጀት፣ በቋሚ ደመወዝ፣ በሰላም ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ እየተከታተሉ መቆየት አለባቸው። አማርኛ ተናጋሪዎች በሚበዙባቸው የውጭ ከተሞች ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የአባላት ዝርዝርና በአንድ ሌሊት ሁሉን የሚያዳርስ የስልክ ሰንሰለት አላቸው፤ ሥራው ግን በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሠራ ነው፣ የሚጠሩትም ሰው መሞት ሲጀምር ነው። የከተማው ጤና ቢሮ ዕቅድ ሲያወጣ እንዲቀመጡበት፣ ለሚያውሉት ሰዓትም እንዲከፈላቸው መጠየቅ የሚገባው አሁን፣ ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ነው።